ሀ ሲገለበጥ

ሱቄ አንድ ክንድ ናት፣ ከፒያሳ ጀርባ፤
እኔ ከተቀመጥኩ ሌላ ሰው አይገባ።
ደንበኛ በመስኮት ስልኩን ያቀብላል፣
ስሙን ሳልጠይቀው ቁልፉን ይነግረኛል።
አንዱ «ከአንድ እስከ አራት» ይላል ያለ ሐፍረት፣
ሌላው የበኩር ልጁን የትውልድ ዓመት፤
አንዷ ግራ ቀኟን አይታ፣ ወደ መስኮቱ ተጠግታ፣
የወንድ ስም ትለኛለች፣ የባሏ ያልሆነ፣ በሹክሹክታ።
ሁሉንም በቁራጭ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፣
ማታ ሱቅ ስዘጋ በክብሪት አቃጥላለሁ።
እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንዴ እረሳለሁ።

ከሰዓት ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ለልብስ ሰፊው ለዱካሞ
ከስልኬ ወሬ አነብለታለሁ፤ መኪናው እንኳ ያዳምጣል ቆሞ።
«በሩቅ አገር ፍየል ስልክ ዋጠች፤ ሦስት ቀን ሆዷ ጠራ፣
ባለቤቷ ሲደውል ሰምቶ አገኛት ከተራራ።»
ዱካሞ ክሩን በጥርሱ በጥሶ፣ ቀና ሳይል፣
«ሆዷ ከኛ ሰፈር የተሻለ ኔትወርክ አለው» ይላል።

መስኮቴ ላይ ለጥፌያለሁ፦ «ስድስቱን ቁጥር ለማንም!
ከባንክ ነኝ ቢል፣ ከቴሌ ነኝ ቢል፣ ዕጣ ደርሶሃል ቢልም።»
ባለፈው ጥቅምት ግን አንዲት ሴት ደወለች፤ ድምጿ ማር።
«ጌታዬ፣ ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው» ስትል የት ገባ ያ ሁሉ ምክር?
ስድስቱንም፣ አንድ ባንድ፣ እንደ ተማሪ ቆጠርኩላት።
ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ብር።
«መልካም ቀን» ብላ ነው የዘጋችው።
ይህን ዱካሞም አያውቅ፤ እናንተም ሰምታችሁ እርሱት።

ሐሙስ ለት፣ አሥር ሰዓት ግድም፣ ጥቁር የለበሰች ሴት
ከአሞራ ገደል መጣች፤ የዓሣ አስጋሪው የዳንጊሶ ባለቤት።
ስልኩ በፌስታል ተጠቅልሏል፤ ፌስታሉ ቆሮሶ ይሸታል።
«አርባው ማክሰኞ ነው» አለች፤ «ዓሣ በዱቤ የወሰደ ሰው አለ፤
ስሙ እዚህ ውስጥ ነው። ቁልፉን ሳይነግረኝ ሄዷል።»

ዘጠኝ ነጥብ በጥቁር መስታወት።
ስልክ ለቅሶ አይደርስም፤ የሚያውቀው ያቺን አንዲት ጣት።
ወደ ፀሐይ አዘነበልኩት። የዓሣ ስብ የለመደ እጅ
ዱካውን ትቷል፦ ወርዶ፣ ተሻግሮ፣ ወጥቶ፣
ከጓሮ እስከ ውኃ ዳር እንደሚወስድ
የእግር መንገድ፣ ሣር የማይበቅልበት።

ሀ ነበር። ጥርት ያለ ሃሌታው ሀ።

እሷ ግን ከመስኮቱ ማዶ፣ ፊት ለፊቴ ናት የቆመች፤
ከወዲያ ሲያዩት ያው መስመር ሌላ ፊደል ነው።
«በ!» አለች። «በለጡ... የኔን ስም ነው?»
እጇ አፏ ላይ ቀረ።

ስልክ ላይና ታች አለው፤ ማዳመጫው ከላይ ነው፤
ይህን የማያውቅ ጠጋኝ ሱቁን ይዝጋ።
ሀ ማን ናት? እንጃ። ሐይቁ እንዳልል
መምህራችን «ሐይቅ በሐመሩ ሐ» እያለ በአለንጋ አስጠንቶናል፤
ዳንጊሶ ግን ለሐመርና ለሃሌታ ምን ግዱ፤
ወይም ከመጀመሪያዋ ፊደል በላይ
ለመማር ጊዜ ያልነበረው ሰው
የሚያውቃትን አንዷን ጻፈ።
ወይም ደግሞ... ተውት።

«አዎ፣ በ ነው» አልኳት።
አንገቴን ደፍቼ ከጠረጴዛው በታች ከፈትኩት፤
ሳቀብላት መስታወቱ ራሱ ዞሮ ቀጥ አለላት፣
እሱም እንደኔ፣ ለሚያየው ሰው እንዲመች።

ስሙን አገኘች፦ «ሌንጮ 14 ኪሎ አልከፈለም»።
ሳቀች፤ ከአርባ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዋ ይመስለኛል።
ሃምሳ ብር ሰጠችኝ። ተቀበልኩ፤ ኪራይ አለብኝ።

ማታ ዱካሞ መቀሱን ሰቅሎ «ዛሬስ ምን ወሬ አለ?» አለ።
«ምንም» አልኩት፤ «ፍየል የለም ዛሬ።»
አባ ኮዳው ጣሪያ ላይ ቆሟል፣ ደሞዝ እንደቀረበት ዘበኛ።
የቀኑን ቁራጮች ሰበሰብኩ። በአንዷ ላይ
ፊደሏን ብቻ ጽፌ ነበር፤ ገልብጬ አየኋት፣ መልሼ ገለበጥኳት።
ሌሎቹን ለነገ አሳደርኳቸው።
ለእሷ ክብሪት ጫርኩ።