መቁረጥ

እሑድ ነው፣ ወፍጮው ቆሟል፤ የአዳማ ነፋስ ግን አልቆመም፣
እንደ አበዳሪ ቆርቆሮ ያንኳኳል፣ «ማነው» ቢሉት አይሰማም።
ኃይሉን አጥፍተን፣ ቁልፉን ቆልፈን፣
«ሰው እየሠራ ነው» ብለን ጽፈን፣ ሰቅለን፣
ጋሽ ሂርጳ ባትሪ፣ እኔ ካቻቢቴ ይዘን
ከአሮጌው ብሬከር ፊት ተንበርክከን አለን።

አንድ ሺህ ስድስት መቶ አምፔር ይሸከማል፤
ሆዱ ውስጥ ሦስት የዘይት ብልቃጥ አዝሏል።
ሞተር ሲነሣ፣ ሲያጓራ፣ ዘይቱ ነው «ቆይ» የሚለው፤
ጭነቱ አልረግብ ሲል ቀስ ብሎ ሽቅብ ገፍቶ
መወርወሪያውን የሚያስለቅቀው።
አርባ ክረምት፣ አርባ በጋ፣
ዘይቱ ረጋ።
ከዱቄትና ከአቧራ ተጋብቶ
እንደ ሰፈፍ ደረቀ፣ ሥራውን ረስቶ።

በእኛ አገር የማይቆረጥ የለም፦
ቀን ይቆረጣል፣ ዋጋ ይቆረጣል፣
ትኬት ይቆረጣል፣ ደሞዝ ይቆረጣል፣
የደከመው ሰው ተስፋ ይቆርጣል።
እሱ ብቻ ነው፣
ቁረጥ ተብሎ ተሠርቶ መቁረጥ ያቃተው።

ባለፈው ጥቅምት፣ የሌሊት ፈረቃ፣
የሁለተኛው ወፍጮ ኬብል ቆዳው ነቃ፤
እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ሲንጣጣ
ብሬከሩ ዝም። ወይ ፍንክች።
ከማከፋፈያው ጣቢያ እስኪጠፋ፣
ሰፈሩ በሙሉ እስኪጨልም ድረስ፣
ሸምሱ የፓናሉን በር ሊዘጋ በቀኝ እጁ ታገለ።
ዛሬ ደሞዙን ሲቀበል
በግራው ይፈርማል።

አዲስ ሙሉ ብሬከር እንግዛ ብለን ነበር፤
ሥራ አስኪያጁ ዋጋውን ሰምቶ ወንበር ፈለገ።
እንግዲህ አካሉ ይቅር፦
መዳቡ ጤነኛ ነው፣ ሞላውም አልላላ፤
የሚቀየረው አንጎሉ ነው።
መዝገበ ቃላት የሚያክል ሳጥን፣ ሦስት ቀለበት፣
ቀለበቶቹ በመዳቡ ክንድ ይጠለቃሉ፣ እንደ ቃል ኪዳን፤
እነሱ ያዳምጣሉ፣ ሳጥኑ ያሰላል፣
ያልጣመው እንደሆነ መወርወሪያውን ይመታል።

መሐለኛውን ብልቃጥ ስፈታ
ከሥሩ አንዳች ነገር ጣቴን ነካው።
ከክብሪት ቤት የተቀደደ ካርቶን፣
ታጥፎ፣ ተጠቅጥቆ፣ ሽብልቅ የሆነ።
በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁጥር አለበት፣
ሰባቷ ወገቧን ታጥቃለች።
ሰባትን መቀነት የሚያስታጥቅ
በዚህ ፋብሪካ አንድ ሰው ነው የማውቀው።

ቀና አልኩ። ባትሪውን ከእጄ ላይ አላነሣም፤
ብርሃኑ ግን ይንቀጠቀጣል።
«በቀን አምስት ጊዜ ይቆርጥ ነበር፣ ለሊሴ፣
እንዲሁ፣ በሙቀቱ።
ወፍጮ በቆመ ቁጥር ከእኔ ነበር የሚቆረጠው።
ለአንድ ሳምንት ብዬ ነው።»
ነፋሱ ቆርቆሮውን ገልጦ መለሰው።
«አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።»

ካርቶኗን ኪሴ ከተትኩ።
ቀለበቶቹን አጠለቅሁ፣ ሽቦ አሰርኩ፣ ብሎን አጠበቅሁ፤
ምን እንደሠራሁ እጄ እንጂ እኔ አላውቅም።

አመሻሹ ላይ ወፍጮውን ባዶውን አስነሣነው፣
ወዲያው ቆረጠ። ደግመን ሞከርን፣ ቆረጠ።
ሳጥኑ «ወደ መሬት ይፈስሳል» ይላል፤
ኬብሉን ብፈትሽ አንድም የሚፈስስ የለም።
ጋሽ ሂርጳ መነጽሩን አውልቆ ጠጋ አለ፤
በቀለበቶቹ ላይ የተቀረጸች ቀስት አለች፣
ሁለቱ ሽቅብ ሲያዩ የመሐለኛዋ ቁልቁል ታያለች።
እኔ ነኝ ገልብጬ ያጠለቅኳት።
ምንም አላለኝም።
ፈታ፣ ገለበጠ፣ አሰረ፤
ላቡን በክንዱ ጠረገ።

ቀጥሎ በየተራ በእያንዳንዱ ክንድ
ሃያ ሺህ አምፔር ሰደድንበት።
ቋ!
ከጣሪያው ርግቦች ተነሡ።
የሰከንድ ሃያኛ እጅ፣ ሰው ዓይኑን ሳይጨፍን።
«ሰማሽው?» አለ ጋሽ ሂርጳ፣
ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

በር ላይ ስንደርስ እጁን ዘረጋ፦ «ስጪኝ።»
ካርቶኗን ሰጠሁት።
ኮቱን ለበሰ፣ ባጃጅ አልጠራም፤
ነፋሱን በግንባሩ እየገፋ
ወደ ገንደ ጋራ፣ ወደ ሸምሱ ቤት፣ ሽቅብ ያዘ።
ልጥራው ብዬ ነበር፤ ተውኩት።
ከአካሄዱ ያስታውቃል፣
ቆርጧል።