ሞዴል ሃያ ሁለት

መመሪያው የመጣ አምና ሚያዝያ ነበር፣
ግርጌው ላይ ማኅተም፣ ራስጌው ላይ ቁጥር።
«ሠራተኛ እናት ልጇን የምታቆይበት
ክፍል ይዘጋጅ» ይላል፣ «ባስቸኳይ» አለበት።
ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ማታ ለኤልዳና
ነገርኳት፤ ሣቀች — አልገባትም ገና።

ከምድር ቤት፣ በጓሮ፣ ጣና በሚታይበት፣
አንድ በር ተመርጦ ሥዕል ተሣለበት።
ትእዛዙ ዳክዬ ነው። ሠዓሊው የሽምብጥ ሰው፣
ሲያይ ያደገውን ጉማሬ ሣለው፤
ጥርሱን ገልጦ የሚስቅ፣ በሰማያዊ ቀለም፣
«የሕፃናት ማቆያ» — ሌላ ስሕተት የለም።

ውስጡን የማውቅ እኔ፣ የንብረት ክፍል ስመኝ፣
ያለውን የጠፋውን መዝግቢ የተባልኩኝ፦
እግር የሌላቸው ዐሥራ አንድ ወንበሮች፣
ቀለም የጨረሱ ሁለት ኮፒ ማሽኖች፣
ሦስት ካርቶን ሙሉ የታቻምና ቀን መቁጠሪያ፣
ከማርች ስምንት የተረፈ የባነር ማሰሪያ።

«ሞግዚትስ?» ብላቸው አቶ ሙሉሰውን፣
«መደቡ አልጸደቀም» — ገለጡ ደብዳቤውን።

ኤልዳናን የምትይዝልኝ ጎረቤቴ ብርቄ
ቤሩት ሄደች በጥር፤ ሸኘኋት ሣቅ ሥቄ፤
የሌላ ሰው ሕፃን ልትይዝ። ምን ልበላት?
ደመወዜን ሁሉ ብሰጣት አይበቃት።

ከዚያ ወዲያ እንግዲህ አዝያት እመጣለሁ።
ፈታሹ ጋሽ ጤናው ቦርሳ ይበረብራል፣
እኔ ጋ ሲደርስ ግን ዘንባባ ይቆጥራል፤
ከነጠላዬ ሥር ሁለት ትንንሽ እግር
እያየ «እለፊ» ይላል። ሌላ የለም ነገር።
ከመደርደሪያ መሐል፣ በወረቀት ካርቶን
ትተኛለች። ስትነቃ ካልኩሌተሩን
እሰጣታለሁ፤ ትደምራለች። ሲያስላት
አብሬያት እስላለሁ፣ ሰው እንዳይሰማት።

ሰኔ ሦስት ማታ፦ «ነገ ገምጋሚ ይመጣል!»
ክፍሉ ይከፈት ተባለ፤ ሁሉ ይራወጣል።
ወንበሩ ወደ ጓሮ፣ ማሽኑ ከደረጃ ሥር፤
ከሐይቅ ዳር ሆቴል በውሰት ስድስት ፍራሽ፣ ዐሥር
ትራስ፣ አንድ የጎማ ኳስ በሞዴል ዐሥራ ዘጠኝ ገባ።
ከበሩ ግራና ቀኝ ተተከለ አበባ።
ጠዋት አቶ ሙሉሰው አንድ ነገር ጎደላቸው፤
«ልጅስ? ማነው ልጅ ያለው?» ሲሉ ሰማናቸው።

ዝም።

ከዚያ ከገንዘብ ያዧ ጠረጴዛ ሥር አንድ ወጣ፣
ከሾፌሩ ከጌታሁን መኪና ሌላ መጣ፤
ከመዝገብ ቤት መንታ፣ አቧራ የለበሱ፤
ከሻይ ክበብ ሁለት፣ ብስኩት እየጎረሱ፤
ከጄኔሬተሩ ቤት፣ ከጽዳቷ ባልዲ አጠገብ…
ዐሥራ ሦስት ልጅ።
ለካ ክረምት ከበጋ ኮሪደሩን የሞላው ያ ሁሉ ሳል
ጉንፋን አልነበረም።

ገምጋሚዎቹ መጡ፤ አንዱ ኳሷን መታ፣
አንዷ ጉማሬውን አየች፣ «ጥሩ ነው» አለች በርጋታ፤
ቅጹ ላይ ምልክት ተደረገ፤ ምሳ ዓሣ ነበር።
አውሮፕላናቸው ሳይነሣ ደረቀ ያበባው ሥር።

ዐሥር ሰዓት ሲሆን የሆቴሉ አይሱዙ መጣ።
«ፍራሽ!» አለ ሾፌሩ፣ ገና ከጋቢና ሳይወጣ።
ሞዴል ሃያ ሁለትን ይዤ፣ ካርቦን አስገብቼ ወረድኩ፤
ጉማሬውን ገፋ አደረግኩ።

መስኮቱ ክፍት ነው። የሰኔ ነፋስ ከጣና ይገባል።
ዐሥራ ሦስቱም ተኝተዋል፣ ያንዱ እግር በሌላው ሆድ ላይ።
ኤልዳና
ክንዷን ዘርግታለች፣ ሙሉ ክንዷን፣
ካርቶን ሳይገታት።

ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤
አንድ እርሳስ ያለ ፊርማ አላወጣሁም፣ አላስቀረሁም።
ውጭ ሾፌሩ ክላክስ ሊነካ እጁን ሲሰድ
ጋሽ ጤናው «ዋ!» አለው። ዋ ብቻ።

የንብረቱ ዓይነት፦ ፍራሽ።
ብዛት፦ ስድስት።
ተመላሽ የሆነ፦ የለም።
በምርመራው ዓምድ፣ ጫን አድርጌ፣ ለካርቦኑም እንዲደርስ፦
«ተኝተውበታል።»

ፈረምኩ።
ዋናውን ለሾፌሩ ሰጠሁት፣
ቀሪውን ከመመሪያው ጋር በስቴፕለር አያያዝኩት።