ሰባት በር

ማራካይቦ ላይ ፀሐይ ገና በማለዳ ጥርሷን ትገልጣለች፤
አስፋልቱን አቅልጣ ከጫማዬ ጋራ ታጣብቀዋለች።
እኔ ኔሪዮ ነኝ፣ የፍሪጅ ሐኪም፤
የታመመ ብርድን የማስታምም።

የቆዳ ቦርሳዬ ኋላ ኪሴ ውስጥ አርጅቶ ተኝቷል፤
አንድ ማበጠሪያ፣ የእናቴ ጉርድ ፎቶ፣ ሌላው ባዶ ሆኗል።
ጠዋት ዶሮ ገዝቶ የዋለ ወረቀት
ማታ ላይ አይገዛም የአንድ እንቁላል ቅርፊት።
ስለዚህ ገንዘቤን ወደ ስልኬ አስገባሁ፤
መስታወቱ ቢሰነጠቅ በፕላስተር አሸግሁ።

አንድ ቦርሳ ነው ሲሉት፤ ውስጡ ግን ሰባት በር፣
ሰባት ሰንሰለት አለው፣ እያንዳንዱ እንደ አገር፣
በየራሱ ኬላ፣ በየራሱ ቀረጥ።
በአንዱ መንገድ ገንዘቤ እንደ ሚዳቋ ሲሮጥ፣
በሌላው፣ ለአንድ ዳቦ የሦስት ዳቦ ዋጋ ሲቆረጥ፣
አይቻለሁ።

ሰንሰለት ሲሉኝ መጀመሪያ ፈርቼ ነበር፤
እኔ የማውቀው የውሻ ነው፣ የእስር።
አሁን ግን በሰንሰለት አይብ እገዛለሁ፤
ሌላው ሲፈታ ይበላል፣ እኔ ስታሰር እበላለሁ።

የቦርሳው ቁልፍ አሥራ ሁለት ቃል ነው፤ ማንም እንዳያነበው
ሞተሩ በሞተ ፍሪጅ ጀርባ በምስማር ጫርኩት።
ሚስቴ ዙሌይማ ለቆራሌው ልትሸጠው ስትል ጮኬ አስጣልኳት፤
ምክንያቱን አልነገርኳት።

ማክሰኞ ዕለት ዲዮሴሊና ዳቦ ቤት ገባሁ፤
ስድስት ዳቦ፣ ግማሽ ኪሎ አይብ፤ ስልኬን አወጣሁ።
ሃያ ዶላር አለኝ፣ የማይቀደድ፣ የማይዝግ፤
ኬላው ግን የራሱን ሳንቲም ነው የሚፈልግ፤
የዚያን ሰንሰለት ሳንቲም፣ የስንዴ ፍሬ የምታክል፤
እሷ ከሌለች ሃያው ከድንጋይ እኩል።
ሀብታም ሆኜ ቆምኩ፣ ዳቦ እንዳቀፍኩ፣ ለማኝ።
ዮኤልቪስ፣ የጎማ ቤቱ ልጅ፣ ከኋላዬ አየኝ፤
በግራሶ ጣቱ ስልኩን ነካ ነካ፣
የስንዴዋን ፍሬ ላከልኝ፣ ሳይቆጥር ሳይለካ።

ላክሁ።
የኔ ስልክ «ደርሷል» ይላል፤ የሷ ስልክ ጸጥ።
«አልገባም» አለች፣ ፊቷ ኮምጠጥ።
«ከላክህማ የታለ? ይኸው ነው ዘዴያችሁ!»
ጣቷን ወደ ግድግዳው ቀሰረች፤
በከሰል የተጻፈ «ይኸው! ይኸው!» እያለች፤
አራት ስም፣ አራት ዕዳ፤
ከሁሉም በታች ኤርሜሊንዳ፤
ልብስ ሰፊዋ፣ «ልኬያለሁ» ብላ ምላ ማንም ያላመናት፣
ከዚያ ቀን ወዲህ በፋርማሲው በኩል ዞራ የምትሄድ እናት።

መብራት ጠፋ። ማራካይቦ ነውና ማንም አልደነገጠ።
ዮኤልቪስ ስልኳን ተቀበለ፣ በላብ ጣቱ ገለጠ።
«አድራሻሽ አንድ ነው» አላት፣ «በሮቹ ግን ብዙ፤
ከፊት ስትጠብቂ እንግዶችሽ በጓሮ ተጓዙ።»

ሁለተኛው በር ባዶ። ሦስተኛውም ባዶ።
አምስተኛው ላይ የኔ ስድስት ዶላር ቁጭ ብላለች፤
ከሥሯ ሌላ አለች፤
ከዚያም ሥር ሌላ፤
ከታች አራት ዶላር ከሃምሳ፣
ቀኑ የኤርሜሊንዳ ቀን፣ ሰዓቱም የሷ ሰዓት፣
ለልጇ የልደት ኬክ የከፈለችበት።
በጨለማው ቆመች፣
ሳትሰረቅ ሌባ ስትል የከረመች ሴት።

ማንም አልተናገረ። እኔም «አላልኩሽም?» አላልኩም፤
መርታት ደስ ይላል ይባላል፤ ያን ቀን ደስ አላለኝም።

ስሞቹን በሽርጧ ጠረገች፤ ከሰሉ አልለቅ አለ፣
ተድበሰበሰ እንጂ ከግድግዳው አልተነቀለ።
ከዚያ አምስት ትኩስ ዳቦ በወረቀት ጠቀለለች፣
መደብሩን ለኔ ጥላ መንገዱን ተሻገረች፤
የልብስ ሰፊዋን በር አንኳኳች።
ቆየ።
ደግማ አንኳኳች።

እኔ ባንኮኒው ኋላ ቆሜ አያለሁ፤
ሰው «ዳቦ ስጠኝ» ይለኛል፣ ዋጋ አላውቅ፣ «ቆዩ» እላለሁ።
ያ በር አንድ ብቻ ነው፣ የእንጨት፣ ቀለሙ የወለቀ፤
የዚያ ኬላ ሳንቲም ከየት እንደሚገኝ ዮኤልቪስም አያውቅ።
መብራት ገና አልመጣም።
መጋረጃው አንዴ ንቅንቅ።