የውሻው ልደት

ኮልካታ ዝናብ ነው። ሲኒማ ቤቱ ሞልቷል፤
ከላይ ባለሶፋው፣ ከታች ባለእንጨቱ ተቀምጧል።
እኔ ከማሽኑ ጋር፣ በግድግዳው ቀዳዳ
ሁለቱንም አያለሁ፣ ያለማንም ዕዳ።

ፊልሙ የውሻ ልደት ነው። ውሻው በወንበር፣
ኬኩን የጋገረው ፓንቹ ቆሞ በበር።
«እጅ ንሣ!» ተባለ፤ እጅ ነሣ ለውሻ፤
«ክቡርነትዎ፣ ይብሉ» አለው፣
ጎንበስ ብሎ እስከ መጨረሻ።

ከታች ሳቁ ፈላ፣ በጌታው ሞኝነት፤
ከላይ ሳቁ ፈላ፣ በአሽከሩ ወገብ፣ በውሻው ጨዋነት።
ቀልዱ አንድ ነበረ፤ እኔ የሰማሁት ሁለት፤
ሰሙን ፎቁ በላ፣
ወርቁ ወረደ ወደ ምድር ቤት።

ወይዘሮ ማዱሚታ እንባዋን ጠራርጋ፣
«ቁርጥ ጎረቤታችን!» አለች፣ ባሏን በክርኗ ወጋ አድርጋ።

ሲያልቅ እሷ በደረጃ፣ በጓሮ በር ሾፌሯ፤
በመስኮቴ አየሁት፣ ሱባል ቀድሞ ደርሶ
ዣንጥላ ዘርግቷል ለጸጉሯ።
በሩን ከፈተላት፤ ጎንበስ አለ፣ እስከ መጨረሻ፤
«ክቡርነትዎ፣ ይግቡ።»
ቃሉ ያው፣ ወገቡ ያው፤ የጎደለው ውሻ።
ሳቋ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቆመ፤
ሱባል መሪውን ይዞ፣
በመስታወቱ ዓይኗን ተሳለመ።

አሁን ጥቅልሉን ወደ ኋላ አጠነጥናለሁ።
ማንም አያይም፤ እኔ ግን በልቤ አያለሁ፦
ኬኩ ከውሻው አፍ ወጥቶ ሳህኑ ይሞላል፤
ፓንቹ ካጎነበሰበት ቀስ ብሎ ይቃናል፤
ቀጥ ብሎ ይቆማል።

እስከ ሦስት ሰዓት እንዲሁ ይቆይ።
ሦስት ሰዓት ላይ ሌላ ሰው ይገባል፣
መብራት አጠፋለሁ።