ተራ ቁጥር ሦስት

ማክሰኞ ምሽት፣ አበርኬልን፣ ከመጻሕፍት ቤቱ ፎቅ ላይ
ማሞቂያው ያስላል፤ በርዷል የቀረበው ሻይ።
የዌልስ ዝናብ ከባሕር መጥቶ መስኮቱን ይደበድባል፤
ጸሐፊው ጉሮሮ ጠርጎ አጀንዳውን ያነባል፦
«ተራ ቁጥር ሦስት፦ የተመራጮች አበል።»
ወንበር ሁሉ ተንቋቋ ይህ ቃል ጮክ ተብሎ ሲባል።

ሦስት ነን ዋጋ ቆራጮች፦
ግዌንሊያን፣ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ሒሳብ ያዥ፣
ኤምሪስ፣ የበግ ነጋዴ፣ ለቁጥር ብቻ ታዛዥ፣
እኔ፣ ጡረታ የወጣሁ የስልሳ ሰባት ቁጥር ሾፌር፤
ከወደብ እስከ ኮረብታ የሰዉን ወግ እጭን ነበር።

ሠንጠረዥ አለ ከፊታችን፣ የጎረቤት አውራጃዎች ሒሳብ፤
ግዌንሊያን ማስመሪያ ይዛ፣ መስመር በመስመር ስታነብ፦
ለሊቀመንበሩ ይህን ያህል፣ ለምክትሉ ግማሽ ያህል፣
ለራት፣ ደረሰኝ ካመጣ፣ ሳንድዊች ይሆናል መሰል።

«ስንት ያወጣል» አለ ኤምሪስ፣ «የአንድ ተመራጭ ማታ?
ስለተቦረቦረ መንገድ፣ ስለ ቆሻሻ ሲሟገት፣ ሲማታ?
በግ ቢሆን ወገቡን ዳብሼ ዋጋ እጠራ ነበር በቶሎ፤
የሰው ምሽት ምኑ ይዳበሳል? ማን ይገምታል፣ በምን ብሎ?»

የነዋሪው ደብዳቤ በሣጥን ነው። አንዱን ግዌንሊያን አነሣች፦
«አያቴ ሃያ ዓመት በነፃ ነው ያገለገለ፤
የዛሬው ተመራጭ ‹አበል› ይላል፤ እኔ ደግሞ እላለሁ፦ አበለ።»
ሳቅን። ኋላ ግን ትዝ አለኝ፤ አያትየው ሲሰበሰብ
ሰው እየፈለጠለት ነው የድንጋይ ካባውን፣ ሳይጎድል ከኪሱ ገንዘብ።

እኔ ግን ኔሪስን አሰብኩ።

ኔሪስ፣ የዓሣ ፋብሪካዋ፤ ጓንት ሥር እጇ የነጣ፣
በየስብሰባው ምሽት በኔ አውቶቡስ የምትመጣ።
ወንድሟ ብቻውን አይተኛም፤ ጎረቤት ይጠብቅላታል፤
ለጠባቂው የምትሰጠው ከአበሏ ይበልጥባታል።
የጠባቂ ክፍያ ቅጽ አለ፤ ሞልታው አታውቅም አንዴም።
«ለምን?» ብላት፣ በመስታወቱ አይታኝ፦
«ጋዜጣ ያትመዋል ከነስሜ፤ ማንበብ ይችላል ወንድሜም።»

ሌላ አላወራንም። ዝናቡን ጠራጊው ጠረገው።
በፀደይ ወንበሯን ለቀቀች።
ካዶጋን ገባ በቦታዋ፤ ሦስት እርሻ፣ አንድ ሆቴል ያለው፣
«አንድ ፔንስ አልወስድም» ብሎ በጭብጨባ የተሾመው።
አልወሰደም፤ እውነት ነው።
የስልሳ ሰባት የማታ ጉዞ ግን በእሱ ዘመን ተሰረዘ፤
አንድም ቀን ማቆሚያው ላይ ቆሞ በዝናብ ስላልደነዘዘ።

ይህን ሁሉ ልናገር አሰብኩ፤
ቃሌ እንደ አሮጌ ማርሽ ተንገጫግጮ አልገባ አለኝ።
«ማይሉ ስንት ይሁን?» አልኩ፣ ሌላ ነገር ሲጠፋኝ።

ግዌንሊያን ብዕር አስቀምጣ «ይህ ደመወዝ አይደለም» አለች፤
«ደሙን ለፋብሪካ፣ ወዙን ለቤቷ ቀድማ ከፍላለች፤
እኛ የተጠራነው ለትርፍራፊው ነው፣ ለደከመ ማታ።»
ስም አልጠራችም፤ እኔም አልጠራሁ፤ ታወቀን ግን በዝምታ።

አራት ሰዓት ላይ ወሰንን።
በዓመት ጥቂት መቶ ጨመርን፤ ማይሉን ከፍ አደረግን፤
የጠባቂ ክፍያ በጥቅል እንጂ በስም እንዳይታተም ጻፍን።
ኤምሪስ «የሰው ግብር ነው» ብሎ አንገራግሮ ፈረመ፤
የነገው የጋዜጣ ርዕስ ከወዲሁ ዓይኔ ላይ ታተመ።

ወጣሁ። አላባራም። ማቆሚያው ላይ በልማድ ቆምኩ፤
የማይመጣ አውቶቡስ፣ የራሴን አውቶቡስ ጠበቅሁ።
ማዶ የፋብሪካው መብራት፤ ኪሴ ውስጥ ባዶ የዕጩ ቅጽ፤
ጆሮዬ መንገዱ ላይ ነው፣ ጎማ የለ፣ የለ ድምፅ።

ቤቷ ዳገቱ ላይ ነው።
በእግሬ ጀመርኩ።