ከሥሬ ማንም የለም

እቁብ የደረሰኝ ለታ፣ ቡሬ፣ ከሆቴሉ አዳራሽ፣
ይታይሽ በቀይ ጫማዋ፣ «ምን ያንስሻል?» አለች፣ «ተነሽ!
ከሥርሽ ሦስት ሴት አምጪ፤ እነሱም ሦስት ሦስት ያስገቡ፤
ተኝተሽ ሲቆጠር ያድራል፣ ሳትለፊበት ገንዘቡ።»

ፈረምኩ። ካርቶኑን ታቅፌ ገባሁ፣ እንደ አራስ ልጅ፤
ስልኬ ላይ ስም ቆጠርኩ፦ እህት፣ ጎረቤት፣ ወዳጅ።
ዋርሳዬ ሊፕስቲክ ወሰደች፣ «ለደሞዝ» ብላ፣ በዱቤ፤
ደሞዟ ሦስቴ ወጣ፤ «ጠይቂ» ቢለኝም ልቤ
አፌን ያዘው ይሉኝታ።
ጎረቤት በሯን ዘጋችው፣ ቦርሳዬን ከሩቅ አይታ።

ያልሸጥኩትን ራሴ ተቀባሁ።
ፊቴ አበራ፤ ኪሴ ጠቆረ።

ቅዳሜ፣ ከበርበሬ ተራ፣ አንጓች የሚሏት ባልቴት፣
ዛላ ስትቀነጥስ ውላ መዳፏን እሳት የበላት፣
«ያ ቅባትሽ» አለች፣ «ልጄ፣ ቃጠሎ ያበርድ እንደሁ?»
ዋጋ ሳልጠራ እጇን ይዤ፣ ጣት በጣት ቀባሁ።

«ከሠርጌ ወዲህ» አለችኝ፣ ዓይኗን ጆንያው ላይ ጥላ፣
«እጄን የያዘኝ የለም።»
ብር አልነበራትም፤ በርበሬ ሰፈረች፣ ምርቃት አክላ።

ካርቶኑ አልጋ ሥር አለ። ይታይሽ ስልክ አታነሳም።
እኔም ከሥሬ አንዲት ሴት፣ አንዲት እንኳ አላስገባሁም።
ትርፌን ብትጠይቁኝ ግን፣ ጣቴን ሳሸተው እስከ ዛሬ
ግማሹ ጽጌረዳ ነው፣
ግማሹ የቡሬ በርበሬ።