ጨው ልቅመስ

ሰላሳ አንድ ዓመት፣ በአንቴፕ ከተማ፣
ሠርግ ሲታሰብ ስሜ ነው ቀድሞ የሚሰማ።
ጭልፋዬ አካፋ፣ ድስቴ የውሃ ጉድጓድ፣
አራት በግ የሚውጥ፣ ሥሩ ሌሊቱን ሲነድ፤
"ጨው ልቅመስ" እልና አንድ ሳህን እበላ፣
"ሥጋው በስሏል ወይ?" እላለሁ፣ ደግሞ ሌላ፤
እንግዳው ሳይቀመጥ የሦስት ሰው ድርሻ፣
ይህ ሁሉ ቅምሻ ነው፣ የምሳ መነሻ።

አንድ ቀን ጉልበቴ ደረጃ ላይ ከዳኝ፤
ስኳሩም ግፊቱም ተራ ገብቶ ጎዳኝ።
ሐኪሞች ጨጓራዬን ቆርጠው ሰፉት፣
የሙዝ ያህል ትተው የቀረውን ጣሉት።
ስነቃ ነርሷን ጠየቅኋት፣
"ስንት ኪሎ ሆነ?"
ምን ላድርግ፣ የሚዛን ሰው ነኝ።

"ሆደ ሰፊው ሸህሙስ" ስሜ ነበረ፤
ሆዴ ሲጠብ ጊዜ ሆድ መባስ ጀመረ።

የምግብ ባለሙያዋ፣ ቀጭኗ ሴቪም፣
በዕድሜዋ አንዴ እንኳ የጠገበች አትመስልም፣
ሕግ አወጣችልኝ፦
"ግማሽ ሲኒ ምግብ፣ በሻይ ማንኪያ።
ሃያ አምስት ጊዜ ታላምጣለህ፣
ማንኪያህን አስቀምጠህ እጅህን ታጥፋለህ፤
ውሃ ከምግብ ጋር የለም፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ፤
ትልቁን ሳህንህን ከዓይንህ አርቅ።
የሚራበው ዓይን ነው።"

መዳብ ቀጥቃጩ ሐይሪ ዘንድ ሄድኩ።
"ድስት ነው?" አለኝ፣ መዶሻውን ሳያሳርፍ፣
"ስንት ሰው የሚያጠግብ? ሦስት መቶ የሚያልፍ?"
መዳፌን ዘረጋሁለት። "ይህን የሚያህል ሳህን።"
መዶሻው ቆመ።
"ለአሻንጉሊት?"
"ለእኔ።"
ከጥግ አቧራ የለበሰ ቁራጭ አነሳ፣
ዓይኔን ላለማየት አንገቱን ደፍቶ ቀጠቀጠ።
ሒሳብ ስጠይቀው ፊቱን አዞረና ተቆጣ፦
"ምን ይከፈልበታል? ትራፊ ነው፣ ከራስህ ድስት የወጣ።"

ማታ ማታ ነዚሄ ሁለት ሕፃን ታበላለች፣
"ማን ይቀድማል ዛሬ?" እያለች ታላግጣለች።
የልጅ ልጄ ኦርሁን ጥርስ እያወጣ ነው፤
የእሱም የእኔም እራት የተፈጨ ምስር ነው።
እሱ ግድግዳውን ይቀባበታል፣
እኔ እቆጥራለሁ፣ ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት።
በበጋ እኩያ ነበርን። በመኸር ትቶኝ ሄደ፤
ዳቦ መግመጥ ቻለ፣ ጥብስ ለመደ።

ስድስተኛዋ ማንኪያ ዳር ናት፣ ሰባተኛዋ ገደል።
መጀመሪያ ያስነጥሰኛል፣ አፍንጫዬ ይፈስሳል፣
ከደረቴ ሥር የተጨበጠ እጅ ይነሳል።
አንድ ምሽት አልሰማሁትም፤ አንዲት ማንኪያ ሩዝ ጨመርኩ፤
የአራት በግ ጌታ፣ መታጠቢያ ቤት ተንበረከኩ።
በሩን ቆልፌ አለቀስኩ። ስለ ረሃብ አይደለም፣
ረሃቡስ የለም፤
የናፈቀኝ ሳህኑን በዳቦ መጥረግ ነው።

በሚያዝያ ጎረቤቴ ልጁን ሊድር መጣ፤
"ካንተ በቀር ማን አለኝ?" አለ፣ እምቢታ አጣሁ።
አራት መቶ ሰው። ድስቱ ያው፣ እሳቱ ያው፤
ክሳቴን ያየ ሴት ሁሉ ከንፈሩን ይመጣል።
በሻይ ማንኪያ ከጭልፋው ላይ ቀዳሁ፣
እፍ ብዬ አቀዘቀዝኩት፣ ምላሴ ላይ አኖርኩት፣
መረቅ ነው እንጂ ሥጋ አይደለም፣ ቢሆንም አላመጥኩት፣
ሃያ አምስት ጊዜ።

ከዚያ ረዳቴን ጠራሁት፣ ጆሮው ሥር ተጠጋሁ፦
"ጀሚል፣ ውሃ ጨምር።
ሰላሳ አንድ ዓመት ሙሉ
ጨው ሳበዛ ነበር።"

ጀሚል መሬት መሬት አየ፣
ጭልፋውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ፤
"እናውቃለን፣ ጌታዬ" አለኝ።